915 በ2134፦ ይህ በር የማን ነው?

ነፋስ መውጫ ያለው በያጅ ወረቀቱን አየው፣ ገለበጠው፣ መልሶ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ «ይቺ 134 ከየት መጣች?» አለኝ።

ወረቀቱ የበር ዝርዝር ነበር። ላይ ጋይንት ውስጥ ለሚሠራ ትምህርት ቤት፣ 24 በር፣ ሁሉም ባንድ ልክ፦ ወርዱ 915፣ ቁመቱ 2134 ሚሊ ሜትር። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ቢሆንም እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ያኔ ለአንድ የዲዛይን ቢሮ ከሬቪት ሞዴል ውስጥ የበርና የመስኮት ዝርዝር በአንድ ቁልፍ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ኮርቼበታለሁ። ሁለት ቀን የሚፈጀውን ሥራ በ4 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ስሕተትንም በ4 ሰከንድ እንደሚያባዛ የገባኝ በያጁ ፊት ቆሜ ነው።

«ላሜራ 2 ሜትር ነው» አለ። «1 በ2። ደብረ ታቦር ብትሄድ 1 በ2፣ ባሕር ዳር ብትሄድ 1 በ2። አንተ ደግሞ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ምናምን ሥራልኝ ትላለህ። 13 ሳንቲሟን ከየት ላምጣት? ልቀጥላት?»

መቀጠል ነበረበት። ግንቡ አልቋል፤ የበሩ ቦታ በሥዕሉ ልክ ተከፍቶ እየጠበቀ ነው። እሱንም ቢሆን ግንበኛው ሲረግም ነበር የሠራው። ብሎኬቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በመሐል የሚገባው ሲሚንቶ 1 ሴንቲ ሜትር፤ 10 ረድፍ ሲደረደር 2 ሜትር ከ10 ይሆናል። ሥዕሉ ግን 2134 ይላል። ስለዚህ ከ10ኛው ረድፍ በላይ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሚንቶ እየሞላ፣ 24 ጊዜ፣ ሰው ያልጠየቀውን ነገር ሠራ። በያጁ ደግሞ 24 ጊዜ ቁራጭ ላሜራ ቀጠለ። እያንዳንዱ ቅጥያ 91 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብየዳ ነው፤ ሲደመር 22 ሜትር። ከአንድ ላሜራ 14 ቁራጭ ስለሚወጣ ሁለት ተጨማሪ ላሜራም ተገዛ።

ገንዘቡ አገር አያፈርስም። የበያጁ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። እውነት፣ 134 ከየት መጣች?

ሰባት ጫማ

መልሱን ለማግኘት ካልኩሌተር ይበቃል። 2134ን ለ304.8 አካፍሉት፦ 7 ይመጣል። 915ን አካፍሉት፦ 3። የጋይንቱ ትምህርት ቤት በር ማለት ወርዱ 3 ጫማ፣ ቁመቱ 7 ጫማ የሆነ የአሜሪካ በር ነው፤ ወደ ሚሊ ሜትር ተገልብጦ፣ ተጠጋግቶ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣ። ሬቪት ላይ የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። «0915 በ 2134» ተብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጧል። ማንም አልመረጠውም። ማንም ስላልመረጠው ነው ግድግዳው ላይ የደረሰው።

ክርክሬን ገና ከመነሻው ልናገር፦ በሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ ፓራሜትሪክ ፋሚሊ መሥራት «አድቫንስድ» ተብሎ የኮርሱ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ፣ ብዙ ጊዜም የማይሰጥ ትምህርት መሆኑ ይብቃ። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት መሆን አለበት። ፋሚሊ መሥራት ሳይችል ሞዴል የሚሠራ ባለሙያ የሌላ ሰው ውሳኔዎችን እየጎተተ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። እኔም ለሁለት ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከሙያው ውጪ ላላችሁ አንድ አፍታ ላብራራ። እንደ ሬቪት ባሉ ሶፍትዌሮች ሕንፃ በመስመር አይሣልም፤ በርን፣ መስኮትን፣ ምሰሶን እንደ ዕቃ እያስገባችሁ ትገነባላችሁ። የዕቃው ዓይነት ፋሚሊ ይባላል። ፋሚሊው ውስጥ ቁጥሮች አሉ፤ ቁጥሮቹ ደግሞ ዝምድና አላቸው፦ ወርዱ ሲሰፋ ፍሬሙ አብሮ ይሰፋል፣ ቁመቱ ሲያድግ ማጠፊያው ከ2 ወደ 3 ይሄዳል። እነዚህ የሚለወጡ ቁጥሮች ናቸው ፓራሜትር የሚባሉት። ፋሚሊ መሥራት ማለት እንግዲህ ቅርጽ መሣል ብቻ አይደለም፤ «ይህ ሲለወጥ ያ ምን ይሆናል?» የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የኤም.አይ.ቲ. ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ስኬችፓድ በተባለው ፕሮግራሙ መስመሮችን በዝምድና አስሮ በኮምፒውተር አሳይቷል። በ1980ዎቹ ፒ.ቲ.ሲ. የሚባል ኩባንያ ሐሳቡን ለማሽን ዲዛይን አዋለው፤ ከዚያ ኩባንያ የወጡ ሰዎች ደግሞ ለሕንፃ አመጡትና በ2000 ሬቪትን ለገበያ አቀረቡ። አውቶዴስክ በ2002 በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ይህ ሁሉ ገንዘብና ድካም የወጣው አንድ ሰው የራሱን ዝምድናዎች በቀላሉ እንዲጽፍ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሰው የጻፈውን መጫን ብቻ ሆነ።

የ10 ጊጋባይት ድህነት

እንዴት እንደምንማር እናውቀዋለን፤ አንደባበቅ። የአንድ ወር ሥልጠና አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ፣ በሁለተኛው ወለልና ጣሪያ፣ በሦስተኛው ሬንደር፣ በአራተኛው ሰርተፍኬት። «ፋሚሊስ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «እሱን ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ» ነው መልሱ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ 10 ጊጋባይት፣ 40 ጊጋባይት እየተባለ በነፃ ይታደላል። ፍላሽ ይሞላል። ውስጡ የጣሊያን ወንበር፣ የጀርመን የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ የአሜሪካ የመኪና ጋራዥ በር ሞልቷል። የእኛ በያጅ የሚሠራው የኤል.ቲ.ዜድ. ብረት መስኮት ግን የለም። እኛ ባለ 20 የምንለው ብሎኬት የለም። አጠና የለም። የድንጋይ ካብ የለም። የጓሮ ሽንት ቤት የለም።

ሀብታም የመሰለን በዚህ ነው። 40 ጊጋባይት አለኝ የሚል ልጅ አንድ የሰፈሩን መስኮት መሥራት ካልቻለ ምን አለው?

ችግሩ ደግሞ ውበት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሞዴሉ ዛሬ ሥዕል ብቻ አይደለም። የሥራ ዝርዝርና መጠኑ፣ ቢኦኪው የምንለው፣ ከሞዴሉ ይወጣል። ጨረታ በእሱ ይወጣል፣ ክፍያ በእሱ ይከፈላል። ፋሚሊው ውስጥ የተቀበረው ቁጥር ባለቤት ስለሌለው ማንም አይጠይቀውም፤ መሐንዲሱ «ሶፍትዌሩ ነው» ይላል፣ ሶፍትዌሩ ዝም ይላል፣ በመጨረሻ ጥያቄው ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ላለ በያጅ ይደርሳል። እሱ ቀጥሎ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶ ይሸፍንልናል። ስንቱን ስሕተታችንን በያጅና ግንበኛ ዝም ብለው አርመው እንደሚያልፉ ብናውቅ ኖሮ ሰርተፍኬታችንን ግድግዳ ላይ ባልሰቀልን።

የኢንተርኔቱም ነገር አለ። ከ2021ዱ የሬቪት ዕትም ወዲህ የአውቶዴስክ ፋሚሊዎች ከኩባንያው ሰርቨር በኢንተርኔት ነው የሚመጡት። አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የኖረበት ያውቃል። ያኔ ፋሚሊ መሥራት የሚችል ሰው ሥራው አልቆመም፤ ከመጫን በቀር የማያውቅ ግን በር እንኳ አልነበረውም።

በር፣ መዝጊያ፣ መቃን፣ ጉበን

ከነፋስ መውጫ ስመለስ በሩን ከባዶ ልሠራው ወሰንኩ። አንድ ቅዳሜ ወሰደብኝ፤ ግማሹ ቅዳሜ ያለቀው ደግሞ በስልክ ከበያጁ ጋር ስነጋገር ነው። እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ከላይ ትጀምራለህ። እኔ ከላሜራው ነው የምጀምረው።»

እሺ፣ ከላሜራው እንጀምር። መዝጊያው 2 ሜትር ነው፤ ያለው ይኸው ነው። ከላይ ፍሬሙ 4 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ከታች ሊሾው 5 ሴንቲ ሜትር። መዝጊያው ወለሉን እንዳይፍቀው 1 ሴንቲ ሜትር። ደምሩት፦ 2 ሜትር ከ10። አሁን ግንበኛውን አስታውሱት፤ 10 ረድፍ ብሎኬት ስንት ነበር? 2 ሜትር ከ10!

ይህን ሳይ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። በያጁና ግንበኛው ተገናኝተው አልተማከሩም፤ ላሜራውና ብሎኬቱ ግን ተገጣጥመው የሚሠሩ ሆነው ቆይተዋል። የአገሬው በር ውስጥ የተሟላ ቀመር ነበረ። ከላዩ ላይ የ7 ጫማ በር ጎትቼ የጣልኩበት እኔ ነኝ፤ በዲግሪዬ።

ፋሚሊው ሲያልቅ እንዲህ ሆነ። ሰውየው ቁመት በሚሊ ሜትር አይጽፍም፤ «የረድፍ ብዛት» ብሎ ሙሉ ቁጥር ብቻ ያስገባል። የክፍቱ ቁመት የረድፉ ብዛት ሲባዛ በ210 ነው። የመዝጊያው ቁመት ከዚያ ላይ 100 ሲቀነስ ነው። መዝጊያው ከ2000 ከበለጠ በዝርዝሩ ላይ «ቅጥያ ይፈልጋል» የሚል ቃል ይወጣል። በቃ፣ አራት መስመር። 2134 ብትል አይቀበልህም፤ 10 ረድፍ ነው ወይስ 11፣ ወስን ይልሃል።

ስሠራው ሌላም ነገር ገረመኝ። ሶፍትዌሩ አንድ ፋሚሊ ውስጥ ሌሎች ፋሚሊዎችን አስገባ ይላል፤ በሩ ውስጥ ፍሬሙ ለብቻው፣ መዝጊያው ለብቻው። ለክፍሎቹ ስም ላወጣ ስቀመጥ እንግሊዝኛ አላስፈለገኝም። አማርኛ ክፍቱን በር ይለዋል፣ የሚዘጋውን መዝጊያ፣ የጎኖቹን ቋሚዎች መቃን፣ የላዩን ጉበን፣ የሚረገጠውን ደፍ። አያቶቻችን በሩን በክፍል በክፍሉ ለይተው ጠርተውት ነበር። እኛ ነን አንድ ላይ ጨፍልቀን «ዶር» ያልነው።

ችካልና ገመድ

ይህ ጽሑፍ የበር ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ስማዳ ልውሰዳችሁ። በሩን ከሠራሁ በኋላ ልቤ አበጠ፤ ጎጆ ቤትን በሙሉ አንድ ፋሚሊ አደርጋለሁ አልኩ። ከወገዳ ወጣ ብሎ ዕድሜ ልካቸውን ጎጆ ሲያቆሙ የኖሩ ሽማግሌ ጋ ዘመድ ወሰደኝ።

«አያ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ቤት ስንት ሜትር ነው?» አልኳቸው።

«ሜትሩን ተወው ልጄ። ስንት ከብት አለህ?»

«የለኝም።»

«እንዲያ ከሆነ ስንት ሰው ታሳድራለህ?»

ቆየት ብዬ ነው የገባኝ። እሳቸው ፓራሜትሩን እየጠየቁኝ ነበር። ስፋት ለእሳቸው መነሻ አይደለም፤ ከከብቱ፣ ከሰዉ፣ ከመደቡ የሚወጣ ውጤት ነው። እኔ ግን ውጤቱን መነሻ አድርጌ ልጀምር ነበር።

አሠራራቸውን በምድር ላይ አሳዩኝ። መጀመሪያ ችካል። ከችካሉ ገመድ፤ በገመዱ ዙሪያውን። የግድግዳው ቁመት እጃቸውን ሲዘረጉ የሚደርሱበት ነው። ከዚያ የመጣው ነገር ነው ዛሬም ድረስ የሚያስደንቀኝ፦ ክቡን ያሰመሩበትን ያንኑ ገመድ ሳያሳጥሩ ሳያስረዝሙ ከግድግዳው ልክ በላይ መሐል ምሰሶው ላይ ለኩት። «ጫፉ እዚህ ነው» አሉ።

ለምን? ሂሳቡን ሥሩት። ጣሪያው ከመሐል እስከ ዳር የሚሄደውና ወደ ላይ የሚወጣው እኩል ከሆነ ተዳፋቱ 45 ዲግሪ ነው፤ ቤቱ ቢያንስም ቢተልቅም 45 ዲግሪ ነው። «ሣር ከዚህ ከተኛ ውኃ ያሳድራል» ነው ያሉኝ። ፕሮትራክተር የለም፣ ታንጀንት የለም፤ ዝምድናው ግን በገመዱ ውስጥ ተጽፏል። ከመሐል እስከ ግድግዳ 2 ሜትር ተኩል፣ ግድግዳው 2 ሜትር ከሆነ ምሰሶው 4 ሜትር ተኩል ነው። ጣሪያው ግማሽ ሜትር ከግድግዳው እንዲወጣ ካደረግን ወራጁ 4 ሜትር ከ24። ገመዱን ወደ 3 ሜትር አርዝሙት፤ ምሰሶው 5፣ ወራጁ 4 ሜትር ከ95 ይሆናል።

ይህን ይዤ ሮጥኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ፣ እንደተማርኩት፣ መጀመሪያ ግድግዳውን አቆምኩ፣ ጣሪያውን ደፋሁበት፣ 32 ወራጅ ደረደርኩ፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሮቹን ላያይዝ ተነሣሁ። ስፋቱን ስቀይር ወራጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ሌላ ማሠሪያ ጨመርኩ። 40 ፓራሜትር ደረሰ። ሶፍትዌሩ ገደቦቹ ሊሟሉ አልቻሉም የሚለውን ቢጫ ማስጠንቀቂያውን ደጋግሞ አወጣልኝ። ሦስት ሌሊት እንዲሁ አለፈ።

ስሕተቱ ቅደም ተከተሌ ላይ ነበር። ሽማግሌው እንጨት ከመንካታቸው በፊት ችካልና ገመድ ነበራቸው። የፋሚሊ ሥራም እንደዚያው ነው፦ መጀመሪያ የማይታዩት መስመሮች፣ ሪፈረንስ ፕሌን የሚባሉት፤ ከዚያ በመስመሮቹ መካከል ልኬቱ፤ ከዚያ ልኬቱ ስም ይወጣለታል፤ ከዚያ ባዶውን አጥንት አስፍቶ አጥብቦ መሞከር፤ ሥጋው የሚለብሰው በመጨረሻ ነው። ሁሉንም አጥፍቼ በዚህ ሥርዓት ስጀምር 40 የነበረው ፓራሜትር 5 ሆነ። ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ከመሐል እስከ ግድግዳ 4 ሜትር ሳደርገው ፋሚሊው በሰላም ሠራ፤ ቆንጆ ትልቅ ጎጆ አወጣልኝ። ስልኬ ላይ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ሳቁ። «ይህን እንጨት ከየት ታመጣዋለህ?» አሉ። ወራጁ 6 ሜትር ከ36 ሆኗል። ቤቱ እንዲህ ሲሰፋ በውስጥ ሌላ የቋሚ ዙር ይቆማል፤ ወራጁ እዚያ ላይ ያርፋል፣ እንጨቱም ይቀጠላል። እኔ ጋ ያልነበረው «ከዚህ ልክ ካለፈ» የምትለው መስመር ናት። ሶፍትዌሩ ውስጥ ለመጻፍ 10 ሰከንድ ይፈጃል። መጻፍ እንዳለብኝ ለማወቅ ግን ስማዳ መሄድ ነበረብኝ።

እንግዲህ ፋሚሊ መሥራት የሶፍትዌር ትምህርት ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ይምጣና ይንገረኝ። ቁልፉን ማንም ዩቲዩብ ያሳይሃል። «ከዚህ ልክ ካለፈ» የምትለዋን ግን የሚያውቃት እንጨቱን የያዘ ሰው ነው።

«ግን እኮ»

መልስ የሚገባቸው ተቃውሞዎች አሉ።

«ጊዜ የለም፤ ደንበኛው ዓርብ ይፈልገዋል።» እውነት ነው፤ ዓርብ ይፈልገዋል። ግን የትኛውን ነገር? ሬንደሩ ላይ ለሚታየው ሶፋና የአበባ ማስቀመጫ ዳውንሎድ አድርጉ፤ ማንም አይከሳችሁም፤ ሶፋው አይገነባም። የሚገነባውን ግን ሥሩት። በር፣ መስኮት፣ ደረጃ፣ የጣሪያ እንጨት፦ ከ10 የማይበልጡ ነገሮች ናቸው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚመላለሱት። አንድ ቅዳሜ ለአንዱ ብትሰጡ በሁለት ወር ተኩል የዕድሜ ልክ ስንቅ ትቋጥራላችሁ።

«ይህ የጎጆ ናፍቆት ነው።» አይደለም። ወደ ሣር ክዳን እንመለስ የሚል ሰው መጀመሪያ ክረምት ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይደር። ቆርቆሮ የመጣው ሰው ስለፈለገው ነው። ግን ቆርቆሮም የራሱ ዝምድና አለው፦ የአንዱ ርዝመት፣ መደራረቢያው፣ ከሥሩ የሚገባው አጠና ርቀት፣ ነፋስ እንዳይገነጥለው የሚመታው ሚስማር። ይህንንም የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ ይህም አልተጻፈም። ሽማግሌውን የጠቀስኩት ቤታቸውን ሳይሆን አስተሳሰባቸውን ብዬ ነው።

«ፓራሜትሪክ ማለት እነዚያ የሚጠማዘዙ ሕንፃዎች አይደሉም እንዴ?» ፓትሪክ ሹማኸር እ.ኤ.አ. በ2008 «ፓራሜትሪሲዝም» ብሎ የሥነ ሕንፃ ፈለግ ካወጀ ወዲህ ቃሉ የመጠማዘዝ ስም መስሏል። የዩኒቨርሲቲ ልጅ ፓራሜትሪክ ተምሬያለሁ ሲል ማዕበል የመሰለ ጣሪያ ያሳያችኋል። ማዕበሉን የሚሠራው ቆርቆሮ በየትኛው ፋብሪካ እንደሚታጠፍ ጠይቁት። ቀጥ ያለች የ10 ረድፍ በር ከዚያ ማዕበል የበለጠ ፓራሜትሪክ ናት፤ ምክንያቷን ታውቃለችና።

«ሬቪት ራሱ የሰው ነው፣ ውድ ነው።» ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። ፈቃዱ በዓመት ከ2,500 ዶላር በላይ ነው፤ አብዛኞቻችን በምን እንደምንሠራ እኔም አንተም እናውቃለን። ለዚህ ነው ዕውቀቱን ከሶፍትዌሩ ለዩት የምለው። ችካል፣ ገመድ፣ ልኬት፣ ስም፣ ሙከራ፦ ይህ ሥርዓት በነፃው ፍሪካድም ያው ነው። ፋሚሊ መሥራት የሚያውቅ ሰው ሶፍትዌር ሲቀየርበት አንድ ወር ይቸገራል፤ መጫን ብቻ የሚያውቅ ግን 40 ጊጋባይቱን ይዞ ይቀራል።

ዕቃ ማግኘትና ማወቅ እንደሚለያዩ ከጋይንት በላይ የሚመሰክር አገርም የለም። ሴባስቶፖል መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለ እጆች ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ አጼ ቴዎድሮስ በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ ዳገት መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጎተቱት። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መድፉ መቅደላ ላይ ዛሬም አለ። ባለ እጆቹ ግን ንጉሡ ሲሞቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሄዱ፤ አሠራሩም አብሯቸው ሄደ። አገራችን ላይ መሠራቱ የእኛ ዕውቀት አላደረገውም። ሁሌ ሳስበው ያመኛል።

ከጉና እስከ በሽሎ

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ሥሩ እስቴና ላይ ጋይንት ናቸው፤ ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ወርዳችሁ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ስትገቡ ከ1,500 ሜትር በታች ትደርሳላችሁ። ቁር እስከ ሐሩር፣ ሁሉም በአንድ ዞን፣ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር። ነፋስ መውጫ የተባለው ከተማ ስሙ ራሱ የዲዛይን መረጃ ነው። የአገራችን የሕንፃ ኮድ ሳይቀር የነፋስን ጫና ሲያሰላ የአየሩን ክብደት ከቦታው ከፍታ ጋር ያያይዘዋል፤ ቁጥር ሳይሆን ዝምድና ነው የሚሰጠን።

እኛ ግን አንድ ናሙና ንድፍ አውጥተን ለሁሉም እናትማለን። በአንድ መስኮት ደጋውን እናስነጥሰዋለን፣ ቆላውን እናፍነዋለን። ናሙና ንድፍ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። ክፉ የሚሆነው ሲደነዝዝ ነው። መስኮቱ «የቦታው ከፍታ» የሚል አንድ ፓራሜትር ቢኖረው፣ ቆላ ሲሆን የሚከፈተው ክፍል ቢሰፋና የጣሪያው ጥላ ቢረዝም፣ ደጋ ሲሆን ቢጠብ፣ ያው አንድ ናሙና ለሁለቱም ይሆን ነበር። ዋጋው የአንድ ባለሙያ ጥቂት ቅዳሜዎች ነው። ያንን የሚያደርግ ባለሙያ ግን ፋሚሊ መክፈት የሚፈራ ሰው አይሆንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የሚያስተምር ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በግድግዳ አይጀምር። ተማሪውን ሜትር አስይዞ ሰፈሩ ወዳለ ብየዳ ቤት ይላከው፤ «ላሜራው ስንት ነው? ለምን?» ብሎ ጠይቆ ይምጣ፤ ከዚያ አንድ በር ይሥራ። የደብረ ታቦር ልጅ ደብረ ታቦር ያለውን፣ የመካነ ኢየሱስ ልጅ መካነ ኢየሱስ ያለውን። ሃያ ተማሪ ሃያ በር ይዞ ቢመጣ፣ ልዩነታቸውን ማየት ራሱ አንድ ሴሚስተር የሚሞላ ትምህርት ነው። ተሰብስቦ በነፃ ቢለቀቅ ደግሞ ያ 40 ጊጋባይት ያልነበረው ነገር ይሆናል፦ በማን፣ የት፣ ለምን እንደተሠራ የሚታወቅ።

አንተም፣ አንቺም፣ ሰርተፍኬት እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። በዚህ ቅዳሜ አንድ በር ሥሩ። ሲያልቅ ሬንደሩን አትላኩልኝ። ቁመቱን በ3 ረድፍ ጨምሩት፣ ወርዱን በግማሽ ቀንሱት፣ እና የትኛው ክፍል እንደተሰበረ ላኩልኝ፤ እዚያ ጋ ነው ገና ያልጠየቃችሁት ሰው ያለው።

የነፋስ መውጫው በያጅ ባለፈው ደውሎልኝ ነበር። ሌላ ቢሮ ሌላ ወረቀት ልኮለታል። «እስቲ ገምት ቁመቱ ስንት ነው?» አለኝ።

አልገመትኩም። አሁንም 2134 ነው።